ሰውን ያለ ዋጋ ስለ መቀበል

ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ሥዕል ያነባል። ሀ ሁ ማለት ሳይጀምር የእናቱ ፊት ሲፈካና ሲጨልም አይቶ የቤቱን ደስታና ኀዘን ያውቃል። መጽሐፍ በእጁ ሲገባም በመጀመሪያ የሚያየው ቃሉን ሳይሆን ሥዕሉን ነው፤ ከሥዕሉም ውስጥ ማን እንደሚወደድ፥ ማን እንደሚፈራ፥ ማን በመካከል እንደሚቆም፥ ማንስ በዳር እንደሚቀር ማንም ሳይነግረው ይማራል። ስለዚህ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ተራ መጫወቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ነገሩን ጠልቆ አልተመለከተውም። የትልቁ ሰው ልብ መሠረት የሚጣለው በዚህች ትንሽ መጽሐፍ ላይ ነው።

የሥዕልን ኃይል አባቶቻችን በሚገባ ያውቁት ነበር። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን የሥዕል ልማድ ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጎልተው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን ተሥለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ማንበብ የማያውቅ ገበሬም ሆነ በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን፥ ግድግዳውን ባየ ጊዜ ደጉን ከክፉው ለይቶ ያውቃል። ልማዱ ለማስተማር የተዘጋጀ ጥበብ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ያስረዳናል፤ ይኸውም ዓይን ከጆሮ ቀድሞ እንደሚፈርድ ነው።

በመንደርና በገበያ ደግሞ ሠዓሊ ሳይነካቸው በሰው ዓይን ውስጥ በጎን የተሣሉ ብዙ ሰዎች አሉ። እግሩ የሚያነክስ ልጅ፥ ቆዳዋና ጠጉርዋ ነጭ ሆኖ የተወለደች ልጃገረድ፥ አንደበቱ የሚተሳሰርበት ተማሪ፥ ከሩቅ አገር መጥቶ ቋንቋ የሚቸግረው እንግዳ፥ አባቱ ሸማኔ ወይም ብረት ቀጥቃጭ በመሆኑ ብቻ ስም የወጣለት ጎረቤት፥ እነዚህ ሁሉ ሙሉ ፊታቸው ሳይታይ የተፈረደባቸው ናቸው። ሰው እንግዳ የሆነበትን አንድ ነገር ብቻ ያያል፤ የቀረውን ሁሉ ሳያይ ያልፋል። የሰውን ልጅ በአንድ ዓይን ሥሎ ማስቀረት ማለት ይህ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውንም፥ ሸማ የሚሠራውንም በስድብ ስም መጥራት ተከለከለ። ይህ ዐዋጅ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ዳሩ ግን ዐዋጅ የሚደርሰው እስከ አፍ ድረስ ነው። አፍ ዝም ባለ ጊዜ ዓይን ሊሳደብ ይችላል፤ እግርም ከአጠገቡ ላለመቀመጥ ሊሸሽ ይችላል። የዓይንን ስድብ የሚከለክል ዳኛ ስለሌለ፥ ዓይንን ገና በሕፃንነቱ ማስተማር ያስፈልጋል።

ይህን በመገንዘብ ብዙ ደራስያንና ሠዓልያን በልዩ ልዩ አገር ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔም እነዚህን መጻሕፍት ከልጆች ጋር ሆኜ ማንበብ እወዳለሁ። ሐሳባቸው ሁሉ መልካም ነው፤ ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጡም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ልዩነታቸውን አብረን እንድንመረምር እለምንሃለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1843 ያሳተመው የአስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት ታሪክ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ጫጩቱ ከዳክዬዎቹ ስለማይመስል ተነከሰ፥ ተገፋ፥ ተሰደደ። በመጨረሻ ግን ነጭ ክንፍና ረጅም አንገት ያለው እጅግ ያማረ የውሃ ወፍ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ እርሱ ያሉትም ወፎች ተቀበሉት። ታሪኩ ያዘነን ልጅ ያጽናናል። ነገር ግን ጠለቅ ብለህ ብታስብ፥ ዳክዬዎቹ ምን ተማሩ? አስቀያሚ ያሉትን መውደድ አልተማሩም። እርሱ ስላማረ ነው የተከበረው፤ ዘመዶቹን ስላገኘ ነው የተወደደው። ሳያምር የቀረው ጫጩት ዕጣ ምን እንደ ሆነ ታሪኩ አይነግረንም።

በ1939 ደግሞ በአሜሪካ ሮበርት ሜይ የተባለ ሰው ተቀጥሮ ለሚሠራበት ትልቅ የንግድ ቤት፥ በገና በዓል ለልጆች በነጻ የሚታደል መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ አፍንጫው ቀይ ሆኖ ስለሚያበራ ስለ አንድ አጋዘን የሚናገር ነው፤ ስሙም ሩዶልፍ ይባላል። በዚያው ዓመት ብቻ 2.4 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ታደለ። ሩዶልፍን ጓደኞቹ ሲስቁበት ኖሩ፤ ጉም በሸፈነበት ሌሊት ግን የአፍንጫው ብርሃን መንገድ ስለ መራ ሁሉም አከበሩት። ይህም ለልጆች ደስ የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ነገር ግን በውስጡ የተሸሸገ አንድ ውል አለ፤ «ከጠቀምከን እንቀበልሃለን» የሚል ውል። ጉሙ ባይወርድስ ኖሮ?

ይህን ጥያቄ ያስተማረችኝ አንዲት ልጅ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ፥ በሰፈራችን በአንዲት ጠባብ ክፍል፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት መጽሐፍ አነብ ነበር። በአሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከላከችልኝ መጻሕፍት መካከል ታሮ ያሺማ የሚባል የጃፓን ተወላጅ ሠዓሊ በ1955 ያሳተመው «የቁራው ልጅ» የሚለው ነበረበት። ሥዕሉን ለልጆቹ እያሳየሁ ታሪኩን በአማርኛ እነግራቸው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጃፓን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በመጀመሪያው የትምህርት ቀን አንድ ልጅ ጠፋ፤ ቢፈለግ ከወለሉ ሥር በጨለማ ውስጥ ተሸሽጎ ተገኘ። እጅግ ትንሽ ስለ ነበረ ቺቢ አሉት፤ ትርጓሜው ትንሹ ልጅ ማለት ነው። መምህሩን ስለሚፈራ ትምህርት አይገባውም፤ ልጆቹን ስለሚፈራ ጓደኛ የለውም። ቀኑን ሙሉ ጣራውንና የጠረጴዛውን እንጨት ሲመለከት፥ የመስኮቱን ድምፅ ሲያዳምጥ ይውላል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ከሣር የተሠራ ልብስ ደርቦ ይመጣል። ልጆቹ ይህን ሥዕል ባዩ ጊዜ «ገሳ! ገሳ!» ብለው ጮኹ፤ በገጠር ያደጉት እረኛ የሚለብሰውን ገሳ ያውቁታልና። እንዲህ ሆኖ አምስት ዓመት አለፈ።

በስድስተኛው ዓመት ኢሶቤ የተባሉ አዲስ መምህር መጡ። በዓመቱ መጨረሻ በተደረገው ትርዒት ላይ ቺቢን ወደ መድረክ አወጡት፤ እርሱም የቁራዎችን ድምፅ አሰማ። ገና ከዕንቁላል የወጣችውን፥ እናቲቱን፥ አባትየውን፥ ሰው ሲሞት የሚጮኸውን፥ ደስ ሲለው የሚጮኸውን፥ ሁሉንም ለይቶ አሰማ። መምህሩም ልጁ እነዚህን ድምፆች እንዴት እንደ ተማረ ገለጹ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ገና ጎሕ ሲቀድ ከሩቅ ቤቱ እየተነሣ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ እየደረሰ፥ በመንገድ ላይ ነው የተማረው። ያን ጊዜ የበደሉት ልጆች ሁሉ አለቀሱ። በምረቃውም ቀን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር ስድስት ዓመት የተማረ እርሱ ብቻ ሆኖ ተሸለመ።

ይህን ስጨርስ ልጆቹ አጨበጨቡ። አንዲት የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ግን አላጨበጨበችም። አንድ እግርዋ ቀጭን ስለ ሆነ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ዘወትር ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ ሲወጡ እንዳይገፏት በመጨረሻ ትወጣለች። ሮጣ የምታሸንፍ፥ ዘምራ የምታስደንቅ፥ በትምህርትም አንደኛ የምትወጣ አልነበረችም። ዝግ ባለ ድምፅ፥ «ጋሼ፥ የቁራ ድምፅ ባያውቅስ ኖሮ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔ ሳልመልስ አንድ ልጅ ቀደመኝና፥ «ያን ጊዜማ ቺቢ ሆኖ ይቀር ነበራ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ልጅቱ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም፤ ምርኩዝዋን ወደ ጉልበትዋ አስጠግታ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ስለ ቺቢ አለመጠየቅዋን እኔም እርስዋም እናውቅ ነበር።

በዚያች ሰዓት «አይዞሽ፥ አንቺም አንድ ቀን የምትታወቂበት ችሎታ ይኖርሻል» ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ይህ መልስ የልጁን ሳቅ በለዘበ ቃል መድገም ይሆናል። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጥሁ። ከትርዒቱ በፊት ልጆቹ ሳያስተውሉ ያለፏቸው ገጾች አሉ። በእነዚያ ገጾች ላይ መምህር ኢሶቤ ልጆቹን ይዘው ወደ ኮረብታ ሲወጡ ቺቢ የዱር ወይንና የዱር ድንች የሚበቅልበትን ስፍራ በማወቁ ደስ ይላቸዋል። የሣለውን ሥዕል ይወዱለታል። ከእርሱ በቀር ማንም ሊያነብበው የማይችለውን ጽሕፈቱን እንኳ በግድግዳ ላይ ይለጥፉለታል። ማንም በሌለበት ጊዜም ከእርሱ ጋር ተቀምጠው ያወራሉ። ይህን ሁሉ ካሳየኋቸው በኋላ፥ «መምህሩ ቺቢን የወደዱት መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ልጆቹ ተከራከሩ። አንዱ «ሲጮህ ነው» አለ፤ ሌላው «ወይኑን ሲያሳያቸው ነው» አለ። ልጅቱ ግን ጥቂት ካሰበች በኋላ፥ «ከቁራው በፊት ነው። ጽሑፉ ሳይነበብ ለጥፈውለት የለ?» አለች። የሳቀው ልጅ ዝም አለ። እርስዋም መጽሐፉን ተቀብላኝ መምህሩና ልጁ ብቻቸውን የሚታዩበትን ገጽ ብዙ ጊዜ ተመለከተችው።

አንባቢዬ ሆይ፥ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር በዚህች ልጅ መልስ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት መቀበል አለ። አንደኛው የተመልካቾቹ ነው፤ ድንቅ ነገር ካዩ በኋላ ያጨበጭባሉ፥ ያለቅሳሉም። ሁለተኛው የመምህሩ ነው፤ ምንም ድንቅ ነገር ሳያዩ ይቀርባሉ፥ ይቀመጣሉ፥ ያዳምጣሉ። የመምህሩ መቀበል ባይቀድም ኖሮ ቺቢ ከነድምፁ በዝምታ በቀረ ነበር። ተመልካቹ የሚከፍለው ለታየው ነገር ነው፤ መምህሩ የሰጡት ግን ለሰውየው ነው። መክፈልና መስጠት ደግሞ አንድ አይደሉም።

እንደ መምህሩ ያለች እናት በሌላ መጽሐፍ ውስጥ አለች። በ1936 መንሮ ሊፍ ጽፎት ሮበርት ሎውሰን ሥዕሉን የሣለው የፈርዲናንድ ታሪክ በእስፓንያ አገር ስለሚኖር አንድ ኮርማ ይናገራል። ሌሎቹ ወይፈኖች በቀንድ ሲዋጉ ፈርዲናንድ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አበባ ያሸት ነበር። እናቱ ብቸኝነት እንዳያጠቃው ፈርታ ጠየቀችው፤ ብቻውን መቀመጥ ደስ እንደሚለው ባወቀች ጊዜ ግን ተወችው። ንብ ነድፋው ሲፈነጭ ያዩት ሰዎች ኀይለኛ መስሏቸው ለግጥሚያ ወደ ማድሪድ ወሰዱት፤ እርሱ ግን በሜዳው መካከል ተቀምጦ የሴቶቹን አበባ ሽታ አዳመጠ። ቢቸግራቸው ወደ ዛፉ መለሱት። ታሪኩ በዚህ ያልቃል። ፈርዲናንድ ማንንም አላዳነም፥ መንገድም አልመራም፥ አልተሸለመም። እንዲሁ እንደ ሆነ ሆኖ ኖረ። ይህ መጽሐፍ በፍራንኮ ዘመን በእስፓንያ ታግዶ እንደ ነበረ ስናስታውስ፥ አበባ የሚያሸት ኮርማ ምን ያህል ሊያስፈራ እንደሚችል እንረዳለን።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሕፃን ልዩነትን አያውቅም፤ እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ራሱ ያላየውን እንዲያይ ያደርገዋል» ይላሉ። ይህ ክርክር ጥቂት እውነት አለበት። እያንዳንዱን እንግዳ ልጅ ለሌሎች ትምህርት ማስተማሪያ ማድረግም አንድ ዓይነት ማራቅ ነው። ሆኖም ሕፃን አያይም ማለት ስሕተት ነው። በ1965 ናንሲ ላሪክ የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ዐዋቂ ሳተርደይ ሪቪው በሚባል መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣች። ጽሑፉን የጀመረችው የሥዕል መጽሐፍ ስትመለከት የነበረች አንዲት የአምስት ዓመት ጥቁር ልጅ፥ በሥዕሉ ያሉት ልጆች ለምን ሁልጊዜ ነጮች ብቻ እንደ ሆኑ መጠየቅዋን በመንገር ነው። ላሪክ ከ1962 እስከ 1964 የታተሙ 5,206 የሕፃናት መጻሕፍት ተመርምረው ጥቁር ሰው የሚታይባቸው 349 ብቻ ሆነው መገኘታቸውን ገለጸች፤ ይህም ከመቶ 6.7 ነው። ሕፃንዋ ቁጥሩን ሳታውቅ ነገሩን አይታዋለች። በመጽሐፍ ውስጥ በዳር እንኳ አለመቆምም ትምህርት ነው፤ ዝምታው ይናገራል።

ለዚህ መልስ የሚሆን መጽሐፍ በ1962 ታትሞ ነበር። ደራሲውና ሠዓሊው ኤዝራ ጃክ ኪትስ ከፖላንድ ከተሰደዱ አይሁዳውያን ቤተሰብ በብሩክሊን የተወለደ ሰው ነው። በ1940 ከመጽሔት ላይ የአንድ ትንሽ ጥቁር ልጅ ፎቶግራፎች ቆርጦ ከ20 ዓመት በላይ ካቆየ በኋላ «በረዷማው ቀን» የተባለውን መጽሐፍ ሠራ። በመጽሐፉ ውስጥ ጴጥሮስ የሚባል ጥቁር ሕፃን ቀይ ልብስ ለብሶ እንደ ጥጥ በሚወርደው በረዶ ውስጥ ይጫወታል፤ የእግሩን ፋና ይመለከታል፤ በረዶ ድቡልቡል አድርጎ በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፥ በረዶውም ይቀልጥበታል። ስለ ቆዳው ቀለም አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈም። ሕፃን ሆኖ መጫወቱ በቂ ነው። መጽሐፉ በ1963 የካልዴኮት ሽልማት ተሰጠው። የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም በ2020 እንዳስታወቀው፥ በታሪኩ ከሁሉ አብልጦ ለአንባቢ ያዋሰው መጽሐፍ ይኸው ነው፤ 485,583 ጊዜ ተውሷል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ ይህ ነገር ለአንተና ለአንቺ ምን ይጠቅማል? እናንተ ከሕፃንነት ገና መውጣታችሁ ነው፤ በየቤታችሁም ታናናሾች አሉ። እናት ከሥራ፥ አባት ከመንገድ እስኪመለሱ ድረስ መጽሐፍ የምታነቡላቸው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር ላሳስባችሁ።

መጀመሪያ፥ ቃሉን ከማንበባችሁ በፊት ሥዕሉን ከልጁ ጋር ተመልከቱ፤ «በዳር የቆመው ማን ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ልጅ ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ላይ ከለመደ በትምህርት ቤቱ ሜዳም ላይ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፥ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ልጅ የሚመስል ልጅ በመካከላችሁ ቢኖር በጣት አትጠቁሙት፤ በዓይናችሁም አትፈልጉት። ሕፃኑ መጽሐፍ ሊሰማ መጣ እንጂ መጽሐፍ ሊሆን አልመጣም።

ሦስተኛ፥ በመጨረሻ «ለምን ወደዱት?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ወደዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ከጠቀማቸው በኋላ» ከሆነ፥ ከጥቅሙ በፊት ሊወደው ይችል የነበረው ማን እንደ ሆነ አብራችሁ ፈልጉ። በመጽሐፉ ውስጥ ባይገኝ በቤታችሁ ይገኝ።

መጽሐፍ ባይኖርስ? ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ጭነው ለአገራችን ሕፃናት እንዲደርስ አድርገዋል። ጋሪው ያልደረሰበት ስፍራ ግን ደብተርና እርሳስ አይጠፋም። ገሳ የለበሰውን፥ ምርኩዝ የያዘችውን፥ አንደበቱ የሚተሳሰርበትን ልጅ ራሳችሁ ሣሉ። ስትሥሉም ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሩት፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሣሉለት።

ቁራውን ሰምቶ ማጨብጨብ ለማንም አይከብድም፤ ሕዝብ ሁሉ ያደርገዋል። ሰው የሚመዘነው ግን ድምፁ ገና ሳይሰማ፥ ጽሕፈቱ ገና ሳይነበብ፥ ከወለሉ ሥር በጨለማ ለተቀመጠው ልጅ በሚያደርገው ነገር ነው። ነገ በትምህርት ቤታችሁ ከበሩ አጠገብ ብቻውን የሚቀመጥ ልጅ ታገኙ ይሆናል። ምን እንደሚችል አትጠይቁት። ስሙን ጠይቁት፤ ከአጠገቡም ተቀመጡ።